በጓሮ ጋዝ መሙላት ከሰፈራችን ይቅር



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው ስለ መዋጮ፣ ስለ ጽዳት ዘመቻና ስለ ቦይ ጠረጋ ነው። ዛሬ ግን ወደ ጓዳችን እንግባ። በየቤቱ ከምድጃው ጎን ወይም ከበሩ ጀርባ ስለሚቀመጠው የቡታጋዝ ሲሊንደር የምንለው አለን። የምንለው ነገር አንዳንዶቻችሁን ደስ እንደማያሰኝ እናውቃለን። ቢሆንም ዝም ማለቱ ከበደን፤ ለምን ቢሉ፣ በኅዳር ወር የሆነውን በዓይናችን ያየን ነን።

በኅዳር ወር በሰፈራችን ለቅሶ ነበር። እንደ ወጋችን ድንኳን ተተከለ፤ እናቶችና እኅቶች ከድንኳኑ ጀርባ በሸራ በተጋረደው ማብሰያ ተሰበሰቡ። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ አልነድ ስላለ አንድ ጎረቤት «ምን ችግር አለ፣ የኔ ሲሊንደር አለላችሁ» ብሎ ከቤቱ አምጥቶ ከጥግ አቆመው፤ ምድጃውንም ገጠመለት። መልካም ሰው ነው፤ ያደረገውም በጎ ነው። ሲሊንደሩ በዚያው ሳምንት የተሞላ ነበር። የተሞላው ግን ከማከፋፈያ ሳይሆን ከአንድ ጓሮ ነው።

ትንሽ እንደቆየ ሽንኩርት የምትልጥ አንዲት ልጅ «እቴቴ፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል» አለች። እቴቴም «የቦዩ ሽታ ነው ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብለው አለፏት። ልጅቷ ግን አላረፈችም። ጎንበስ ብላ ስታሸት ሽታው ከመሬቱ ላይ ባሰ። ያን ጊዜ ጮኸች። ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ከሰል ሊያቀጣጥል የተቀመጠ ወጣት ክብሪቱ በእጁ ላይ ነበር። ልብ በሉ፤ ክብሪቱ ከቀፎው ወጥቷል፣ አልተጫረም። አንድ ጎልማሳ «እንዳትጭር!» ብሎ ደረሰ፤ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋ፤ ሸራው ከአራቱም ወገን ተገለጠ፤ ሰዉም ወጣ። አልሐምዱሊላህ ያለውም ተመስገን ያለውም በአንድ ላይ ነበር። በዚያ ሸራ ውስጥ አሥራ አራት ሴቶችና አምስት ሕፃናት ነበሩ።

በማግስቱ ጉዳዩን ለማጣራት ሲሊንደሩን እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አወጣነው። በአንገቱ ብረት ላይ የተቀረጸው የባዶው ክብደት 13 ኪሎ ተኩል ነው። ሊይዝ የሚገባው ጋዝ 12 ኪሎ ተኩል ነው። ስለዚህ ሙሉው 26 ኪሎ ሊመዝን ይገባ ነበር። ከዚያ ማታ የፈሰሰው ፈስሶበት እንኳ 28 ኪሎ መዘነ። ባለቤቱም «ልጁ ጥሩ ሰው ነው፣ በደንብ ሞልቶ ነው የሰጠኝ» እያለ ሲያመሰግን ሰንብቶ ኖሯል። የቁልፉንና የሬጉሌተሩን መጋጠሚያ ስናይ ደግሞ ጎሚኒው ተበልቶ ግማሹ የለም።

ነገራችን ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ትርፍ መስሎ የታየን ነገር አደጋው ራሱ ነበር። ስለሆነም የዛሬው አቋማችን አጭር ነው፦ ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር በቱቦ እየገለበጡ ጋዝ መሙላት ከሰፈራችን ጓሮ፣ ከሱቅ ጀርባና ከጋራዥ ውስጥ ይቅር።

ይህን ስንል የሰውን ችግር ሳናውቅ አይደለም። ሰው ወደ ጓሮ የሚሄደው ወዶ አይደለም። ጋዝ ከማከፋፈያው የሚጠፋበት ወር አለ። ሲገኝም ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለመክፈል የሁሉም ኪስ አይችልም። ጓሮው ውስጥ ግን «የሁለት ኪሎ ስጠኝ» ቢሉት ይሰጣል። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ምጣዱም ምድጃውም ዝም ይላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን በገባ ጊዜ ያለ መብራት የከረምንባቸውን ሳምንታት ማን ይረሳል? ያኔ ጎረቤት ከጎረቤት ከሰል ተካፍሎ ነው ያለፈው።

ጋዙ የሚጠፋበትም ምክንያት አለው። ሀገራችን የራሷ የነዳጅ ማጣሪያ የላትም። ድሮ የአሰብ ማጣሪያ በነበረ ጊዜ ቦቴዎቹ በባቲ አድርገው ኮምቦልቻን አቋርጠው ሲያልፉ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ማጣሪያው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራውን አቆመ፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነዳጃችን በብዛት የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው። መንገዱ ሲታወክ ወይም የውጭ ምንዛሪው ሲጠብ ወሎ ያለች እናት ድስት ላይ ይታወቃል። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ዳሩ ግን እጥረቱ እውነት ስለሆነ አደጋው ውሸት አይሆንም።

አንዳንዱ ሰው ጋዝ ራሱ ይቅር ይላል። እኛ እንደዚያ አንልም። የእንጨትና የከሰል ጭስ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ሲጎዳ ኖሯል። የደሴን ብርድ ለመከላከል ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። ቡታጋዝ በአግባቡ ከተያዘ ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ደንንም ያተርፋል። እኛ የምንለው ጠባዩን እንወቀው ነው።

ጠባዩ ምንድን ነው? ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ነገር በግፊት ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባል ጋዝ ነው። ሲያነቃንቁት የሚንቦጫረቀው እሱ ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲወጣ ወደ 250 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። አየር ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ከገባ ጀምሮ እስከ አሥር እጅ ገደማ ድረስ ክብሪት ይበቃዋል። ደግሞ ከአየር አንድ እጥፍ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከአልጋ ሥር፣ ከቦይ ውስጥ፣ ከምድር ቤት ይተኛል። ልጅቷ ጎንበስ ስትል ሽታው የበረታባት ለዚህ ነው። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። መጥፎው ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ስለዚህ ሽታው ደወል ነው፤ ደወል ሲደወል ደግሞ «የቦይ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ። እዚያ የሚሠራው እንዲህ ነው። ትልቁ ሲሊንደር ተገልብጦ ከፍ ካለ ቦታ ይሰቀላል። ትንሹ ከሥር ይቀመጣል። በመካከላቸው ቱቦ ይዘረጋል። ፈሳሹ ቶሎ አልወርድ ሲል ከላይኛው ላይ ትኩስ ውሃ ይደፉበታል፤ ወይም የታችኛውን ጋዝ ጥቂት ወደ ውጭ ያስተነፍሱታል። ያ የተነፈሰው ጋዝ የትም አይሄድም፤ እዚያው ጓሮ መሬት ላይ ይተኛል። ጓሮው ውስጥ ሚዛን የለም። ልጁ የሚለካው በእጁ እያነሣና በጆሮው እያዳመጠ ነው።

በደንቡ የሚሞላ ሲሊንደር ግን በሚዛን ይሞላል፤ ፈሳሹም ከሲሊንደሩ ሆድ ከመቶ 80 ወይም 85 ያህሉን ብቻ ይይዛል። የቀረው ባዶ ቦታ የስስት አይደለም። ፈሳሹ ሲሞቅ የሚያብጥበት ነው። በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ይህ ፈሳሽ ከመቶ ከ6 እስከ 9 እጅ ያህል ያብጣል። ውሃ በዚያው ልክ ቢሞቅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ እስከ አፉ የተሞላ ሲሊንደር ሲሞቅ ፈሳሹ የሚሄድበት ያጣል። ያን ጊዜ ወይ የደህንነት ቫልቩ ተከፍቶ ጋዙን ወደ ቤት ይለቀዋል፤ ቫልቩ ዝጎ ከተጣበቀ ደግሞ ብረቱ ይቀደዳል።

ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ እኛን ይመለከተናል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። በመካከሉ ሐረጎን ወርዶ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይሞላ ነው። ከደሴ በማለዳ ብርድ እስከ አፉ የተሞላ ሲሊንደር በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ተጭኖ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ምን እንደሚሆን አስቡት። ልጃችን ኮምቦልቻ ተከራይቶ ፋብሪካ ይሠራል፤ እኛ ደግሞ ከዚህ «ርካሽ ነው» ብለን እናስሞላና እንልክለታለን። የምንልከው ምን እንደሆነ ግን አላየንም።

የደሴም ብርድ የራሱ ጣጣ አለው። ቡቴን የሚባለው ክፍል ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት አልለወጥ ይላል። በታኅሣሥ ማለዳ ነበልባሉ የሚደክመው በዚህ ነው። ያን ጊዜ «ጋዙ አለቀ» ብለን ሲሊንደሩን ከከሰል አጠገብ እናስጠጋዋለን፣ ወይም የፈላ ውሃ እናፈስበታለን። ኧረ እባካችሁ! ይህ እሳት መጥራት ነው። እሳቱን ቀንሶ መጠቀም ወይም ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅ ይሻላል። ሲሊንደር በእሳትም በፈላ ውሃም አይሞቅም።

«ልጁ ስንት ዓመት ሞልቷል፣ ምን ሆነ?» የሚል አይጠፋም። የናይሮቢ ኤምባካሲ ሰፈር ሰዎችም እንደዚሁ ይሉ ነበር ይሆናል። በጥር 2016 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቶች መካከል ያለ ፈቃድ ጋዝ በሚሞላበት ቦታ ጋዝ የጫነ መኪና በሌሊት ፈነዳ። ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ፤ ቤቶችና ሱቆች ነደዱ። የቦታው ባለቤቶች ፈቃድ ጠይቀው በሰፈሩ ውስጥ ሰው ስለሚበዛ ተከልክለው እንደነበር የኬንያ የኃይል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተናግሯል። በጋና ዋና ከተማ በአክራ በመስከረም 2010 ዓ.ም. የጋዝ መሙያ ጣቢያ ፈንድቶ 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ የጋና መንግሥት ጋዝ መሙላት ከሰው ሰፈር ራቅ ባለ ፋብሪካ ይሁን፤ ሕዝቡ ባዶውን አስረክቦ የተሞላውን ይቀበል የሚል ውሳኔ ወሰነ። ሥራ ላይ ለማዋል ዓመታት ቢፈጅም ውሳኔው ትክክል ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በኅዳር 1977 ዓ.ም. በሜክሲኮ የደረሰው ነው። እኛ ወሎዬዎች በዚያው ዘመን በረሃብ ላይ ነበርንና ወሬው ብዙም አልደረሰን ይሆናል። በሳን ኽዋን ኢኽዋቴፔክ አንድ ትልቅ የጋዝ ማከማቻ ፈንድቶ 500 ያህል ሰው አለቀ። ቤቶቹ ከማከማቻው አጥር አጠገብ ድረስ ተሠርተው ነበር። የእኛ ጓሮ ከዚያ ጋር አይመዛዘንም። ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነው፦ ጋዝ የሚሞላበትና ሰው የሚተኛበት ቦታ አንድ ሊሆን አይገባም።

እንግዲህ የጓሮው ጉዳይ ይህ ነው። የራሳችንን ቤት ደግሞ እንይ፤ ጎሚኒው የተበላው በጓሮ አይደለምና። እያንዳንዱ ቤት ዛሬውኑ የሚያደርገው ነገር ብዙ ወጪ የለውም።

ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ። ከተጋደመ ጋዙ ሳይሆን ፈሳሹ ወደ ምድጃው ይሄዳል። አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከምድር ቤት አይቀመጥ። ቱቦው ከምድጃው ጀርባ ወይም ከእሳቱ ሥር አይለፍ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ይለወጥ፤ በሽቦ ሳይሆን በደንበኛው ማሰሪያ ይታሰር። ጎሚኒው ሲሊንደር በተለወጠ ቁጥር ይታይ። ዋጋው ከአንድ ጀበና ቡና አይበልጥም።

አዲስ ሲገጠም መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ። አረፋው እየተነፋ ከወጣ ይፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ የሚባለው ነገር ከቤታችን ይጥፋ። ምግብ ሲያልቅ የምድጃው ማጥፊያ ብቻ አይበቃም፤ የሲሊንደሩ ቁልፍ ራሱ ይዘጋ፤ ማታ ከመተኛት በፊት ደግሞ ይታይ። በረመዳን ለስሑር የሚነሡ፣ በጾምም ሌሊት ለቅዳሴ የሚወጡ እናቶች እንቅልፍ እያጫነጫቸው ነውና የሚያበስሉት ይህንን ለልጆቻቸው አደራ ይበሉ።

ነበልባሉ ሰማያዊ ሊሆን ይገባል። ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ ምድጃው ተደፍኗል፤ ይጠረግ። ከዚህ የሚወጣው አየር እንደ ከሰሉ ሁሉ በዝግ ቤት ሰው ይገድላል። ስለዚህ በምድጃ ቤት አናሙቅ።

ጋዝ ከሸተተ ደግሞ መብራት አይበራ፤ የበራም አይጥፋ። ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ብልጭታ አለው። ስልክ እዚያ ቤት ውስጥ አይነካ። የሚነድ ነገር ካለ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይዘጋ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሰው ይውጣ። ለእሳት አደጋ የሚደወለው ከውጭ ነው። እሳቱ በሲሊንደሩ አንገት ላይ ብቻ ከሆነና መጠጋት ከተቻለ እጅን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ቁልፉን መዝጋት ነው። ቁልፉን መዝጋት ካልተቻለ ግን ነበልባሉን ለማጥፋት መታገል አይገባም፤ ጠፍቶ ጋዙ መፍሰሱን ከቀጠለ ከበፊቱ የባሰ ይመጣል። ሲሊንደሩ ራሱ በእሳት ከተከበበ ደግሞ ንብረት አይታሰብ፤ ሰውን አርቆ መሸሽ ብቻ ነው።

ስለ አሮጌውም ሲሊንደር አንድ ነገር እንበል። ሰፈራችን ውስጥ ሼል፣ ሞቢል፣ አጂፕ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው፣ ቀለማቸው የተላጠ ሲሊንደሮች አሁንም አሉ። እነዚህ ስሞች ከሀገራችን ማደያዎች ላይ ከወረዱ ቆይተዋል። ባለቤት ያጣ ሲሊንደር ማንም አይመረምረውም፤ ማንም ስለማይመረምረው ጓሮ ውስጥ ይሞላል። ሥሩ የዛገ፣ የተጎደጎደ፣ አንገቱ የተበየደ፣ ቁልፉ የማይጠብቅ ሲሊንደር በምንም ምክንያት ሊሞላ አይገባውም።

ታዲያ የት ይጣል? ለቆራሌው በኪሎ መሸጥ የሚቀል ይመስላል። ግን ባዶ የሚባል ሲሊንደር የለም። ነበልባሉ ሲጠፋ ያለቀው ግፊቱ እንጂ ጋዙ ሁሉ አይደለም፤ ከሥሩ ይቀራል። በያጁ ምጣድ ማስቀመጫ ወይም የከሰል ምድጃ ልሥራበት ብሎ በእሳት ሲቆርጠው የቀረው ጋዝ ከአየር ጋር ተደባልቆ ይፈነዳል። ስለዚህ አይቆረጥ፣ አይበሳ፣ አይቃጠል። ቦይ ውስጥም አይወርወር። ቦርከና ከዚህ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ እኛ የጣልነውን ዘመዶቻችን ያገኙታል። ትክክለኛው መንገድ ቁልፉን ዘግቶ፣ ቆሞ አስቀምጦ፣ ለሚሸጠው ኩባንያ አከፋፋይ መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ በምክር ብቻ አይሆንም። «ተው» ብቻ ብለን ብንሄድ ነገ ጋዝ የጠፋባት እናት ወደ ጓሮው ትመለሳለች፤ አትፈረድባትምም። ስለሆነም ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በሰፈራችን ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር መገልበጥ እንዲቀር በእድራችን ደንብ ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛ፣ በወር ሁለት ጊዜ ባዶ ሲሊንደሮች በአንድ ቀን ተሰብስበው በአንድ ክፍት መኪና ቆመውና ታስረው ፈቃድ ወዳለው አከፋፋይ ይሂዱ፤ በተሞላ ይለወጡ። ኪራዩን በየቤቱ ብናካፍለው ለብቻ በባጃጅ ከመሄድ ይቀንሳል። ባጃጅ ውስጥ ከሰው እግር ሥር ሲሊንደር አጋድሞ መሄድም ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ሙሉውን በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችሉ ቤቶች የጋዝ እቁብ ይቋቋም። ለሠርግና ለቤት ዕቃ እቁብ የጣልን ሰዎች ለዚህ አያቅተንም። ሰውን ወደ ጓሮው የሚገፋው «የሁለት ኪሎ ስጠኝ» የሚለው ችግር በዚህ ይቃለላል ብለን እናምናለን።

አራተኛ፣ አንድ ሚዛን በእድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ። ማንም ሰው የባዶውን ክብደት ከአንገቱ ላይ አንብቦ፣ መዝኖ፣ የጎደለም የተረፈም እንደሆነ ይወቅ። የጎደለ ኪስ ይጎዳል፤ የተረፈ ቤት ያፈርሳል።

አምስተኛ፣ እድሩ የራሱ ደህና ሬጉሌተር፣ ቱቦና ጎሚኒ ይግዛ። በለቅሶም በሠርግም ሲሊንደር ከሸራው ውጭ ይቁም፤ ቱቦው ብቻ ይግባ፤ አንድ ሰውም በኃላፊነት ይመደብበት።

ስድስተኛ፣ አሮጌና ባለቤት ያጡ ሲሊንደሮች በየቤቱ ይመዝገቡ፤ አከፋፋዮቹና የከተማው የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲረከቡን በማኅበራችን ስም ደብዳቤ ይጻፍ። የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥርም በዚህ ሰሌዳ አናት ላይ በቀለም ይጻፍ።

ጋዝ ስለሚሞላው ወንድማችንም አንድ ቃል አለን። ስሙን አንጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክፉ ሰው አይደለም። እናቱን የሚጦርበት ሥራ ነው። ከሁላችን ይልቅ ለአደጋው የቀረበውም እሱ ነው፤ ጓሮው ቢነድ መጀመሪያ የሚነደው እሱ ነውና። ስለዚህ የምንለው «ይባረር» አይደለም። መሰብሰቡን፣ ማመላለሱን፣ መመዘኑን፣ በየቤቱ እየገባ በሳሙና አረፋ መፈተሹንና ጎሚኒ መለወጡን ለእሱ እንስጠው፤ ክፍያውንም እንወስንለት። ጋዝ የሚያውቅ እጅ አለው፤ እጁን ለሚጠቅም ሥራ እናውለው። ይህን አልቀበልም ካለና መገልበጡን ከቀጠለ ግን ያኔ ጉዳዩን ለሕግ ማቅረብ ግዴታችን ይሆናል። ይህንንም ፊት ለፊት ነግረነዋል።

ወገኖቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። በኅዳር ወር አንዲት ሽንኩርት የምትልጥ ልጅ አዳነችን። ልጅቷ ያን ቀን ትምህርት ቤት ብትሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የምትነበበው ይህች ጽሑፍ ሳትሆን የብዙ ሰዎች የለቅሶ ማስታወቂያ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ሰው ነፍስ ዳግመኛ በአንዲት ልጅ አፍንጫ ላይ እንዳይንጠለጠል ማድረግ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው።

ሐሳባችንን የሚቃወም ካለ በስብሰባው መጥቶ ይናገር፤ እንሰማለን። የተሻለ መላ ያለውም ያምጣ። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የሲሊንደሩን ቁልፍ እዩት። አደራ!

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር